ሁለት ችካል

«ለነገ» አለ መምህር ጠጋቸው፣ ጠመኔውን ከጣቱ እያራገፈ፣
«ሁለት ችካል፣ አንድ ሲባጎ...» ደወሉ ቀሪውን ገደፈ።

ችካሉን ከእናቴ አጥር ነቀልኩ፣ አዘዞ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፤
ሲባጎውን አባቴ ለካልኝ፣ አራዳ፣ ከስፌት መኪናው ዳር።
«ስንት ክንድ?» አለኝ፣ ሜትሩ ካንገቱ ተንጠልጥሎ፤
«አልነገሩንም» አልኩት። አምስት ቆረጠ፣ «ቢተርፍ ይሻላል» ብሎ።

ያኔ ሳምንቴ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፦
ከሰኞ እስከ ኀሙስ እናቴ ጋር፣
የቀረው አባቴ ጋር።
በመሐል ታክሲ፣ በጉልበቴ ላይ ደብተር፣
በደብተሬ ላይ ፌስታል።
የተቀደደ ልብስ እንጂ ሰላምታ አትልክም እሷ፤
ሰፍቶ ይመልሳል እሱ፣ ስሟን አንዴም ሳያነሳ።

ከክፍሉ ጀርባ፣ ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ ችካሎቹን ተከልን፤
የሲባጎውን ጫፍና ጫፍ በየአንገታቸው አሰርን።
«አሁን» አለኝ፣ «እንጨት አስገባና ክሩን ወጥረህ ዙር፤
አታላላው፣ አትጎትተው፤ እንደ ወጠርከው ኑር።»

ዞርኩ።
ምድር ላይ ሞላላ ወጣ።
«ሰው የተቀመጠበት ወንፊት!» ብላ አዛለች ሳቀች፤
መምህሩም ሳቀ። ጭቃው ላይ የኔ መሥመር ብቻዋን ቀረች።

«ልብ በሉ፤ ከዚህ ችካል ስትርቁ ወደዚያኛው ትጠጋላችሁ፤
ሁለቱን ርቀት ደምሩ፣ ሁልጊዜ ሲባጎውን ታገኛላችሁ።»

ከዚያ ሜዳው ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ፊደል ሆነ፦
ኤክስ ካሬ ሲካፈል ለኤ ካሬ፣
ዋይ ካሬ ሲካፈል ለቢ ካሬ፣
ሲደመሩ አንድ።
የትም ቁሙ፣ አንድ።

እኔ ደብተሬ ላይ ቁጥር አልጻፍኩም።
ከአንዱ ነጥብ ሥር «አዘዞ»፣ ከሌላው ሥር «አራዳ» አልኩ፤
ጠርዙ ላይ ሦስተኛ ነጥብ አኑሬ፣ ስም ሳልሰጠው ተውኩ።

«ችካሎቹ ቢቀራረቡስ?»
«እየከበበ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ሲገጥሙ ክብ ይሆናል።»
«ቢራራቁስ?»
«ይቀጥናል። ሲባጎው እስኪያልቅ ከራቁ መሥመር ብቻ ይቀራል፤
መሥመር ላይ ደግሞ፣ ልጄ፣ መዞሪያ ከየት ይገኛል?»

ስፋቱ ቀላል ነው፦ ፓይ፣ ኤ እና ቢ ይባዛሉ።
ዙሪያውስ? ብለን ጠየቅን።
ጠመኔው አየር ላይ ቆመ።
«ዙሪያው አጭር ቀመር የለውም» አለ፣ «የዞረው ሰው ያውቀዋል።»

አባቴን ከቀበርን ስድስተኛው ሐምሌ ገባ።
መኪናውን ጎረቤት ገዛው፤ ሱቁ ውስጥ ስልክ ይጠገናል።
«አረፍክ» ይሉኛል ሰዎች፣ «ከእንግዲህ መመላለስ ቀረ፤»
እውነት ነው፦
አንዱን ችካል ነቅለህ፣ ሁለቱንም ጫፍ ከተረፈው ብታስር
የሚወጣው ክብ ነው፣ እንከን የሌለበት፣
ከየትም ብትለካው እኩል።
እጄ ግን ችካሉን መንቀል አቃተው።

መምህር ጠጋቸው ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሰሌዳውን እያጠፋ፣
«ምድርም በሞላላ ነው የምትዞረው» ብሎን ነበር።
«በአንዱ ነጥብ ላይ ፀሐይ አለች።»
«በሌላውስ?»
«በሌላው ምንም የለም።» ጨርቁን አራገፈ።
«ርቀቷ ሲደመር ግን ያ ባዶም ይቆጠራል።»

እናቴ አሁንም የተቀደደ ልብስ በፌስታል ትሰጠኛለች፤
ማን እንደሚሰፋው አትጠይቅም።
እኔው እሰፋዋለሁ፣ ስፌቴ ጠማማ ነው፤
በጣቷ ዳብሳው ዝም ትላለች።

ዓርብ ነው። አዘዞ፣ ታክሲ መያዣው ላይ ቆሜያለሁ፤
ረዳቱ በሩን ይዞ ይጮኻል፦
«አራዳ፣ አራዳ! አንድ ሰው የቀረው!»

እገባለሁ።