ሐመሩ ሐ

ሱቄ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነበረች፣
ከሰዓት ሠሪና ከፎቶ ቤት መሃል የተሸጎጠች፤
የጽሕፈት መኪና ሐኪም ነኝ፤ ዘይት፣ ሞረድ፣ ወስፌ፣
ሪባን ስቀይር የምውል፣ እስከ ክርኔ አድፌ።

ትርሲት መጣች አንድ ሐሙስ፣ የኢንሹራንሱ ታይፒስት፣
የመሪጌታ ሐዲስ ልጅ፣ በእንቅልፏም ፊደል የማትስት።
«ሐመሩ ሐ እግሯን ሰበረች፣ መሃለኛውን፤ ቀብድ ያዝ፣
ብር ከሃምሳ። መኪናውን ነገ ላምጣው፣ ዛሬ አለኝ ትእዛዝ።»

የምን ትእዛዝ? አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ ለጠየቀ
መልሱ በሌሊት ነበር የሚመጣው፣ ጎረቤት እያወቀ።

በማግስቱ መኪናው አልመጣም።
የመጣው አብዮት ጠባቂ ነው፣ ክላሹ በትከሻው፣
ከግድግዳ የላጠው ወረቀት በእጁ፣ ገና እርጥብ ነው ሙጫው።
«የፒያሳን መኪና ሁሉ ታውቃለህ አሉ። በል እየው፣
ይቺ ፊደል የማን ናት?» አጉሊ መነጽሬን አነሣሁ፤ አየሁ እንዳላየ ሰው።

ሕዝብ ይላል። ሕዝብ ይላል። ሰባት ቦታ ሕዝብ ይላል፤
ሰባቱም ላይ መሃል እግሩ የለም፤ እያነከሰ ይሄዳል።

«የማንም ይሆናል» አልኩት፣ «ብረትም ያልቃል፣ ጌታው።»
«ጓድ በል!» አለ። ጓድ አልኩት። አጥፎ ከኪሱ ከተተው።

ጀግና እንዳልመስልህ። ፈሪ ነኝ።
በስብሰባ ግራ እጅ ሲባል፣ ከሁሉ ቀድሜ የማነሣ ነኝ።
ግን መደርደሪያዬ ላይ ለጽዳት የመጡ አሥራ አንድ መኪኖች ነበሩ፤
የፖስታ ቤቱ፣ የመብራት ኃይሉ፣ የማዘጋጃው፣
አንዱም የራሱ የቀበሌው፣ ሪባኑን በመግለጫ የጨረሰው።
ሐን ከነልጆቿ እያወጣሁ መሃል እግሯን ሞረድኩ
እስኪነጋ። ብናኙን በትንፋሼ ከጠረጴዛው አባረርኩ።

በወሩ ፒያሳ አነከሰ።
የሹመት ደብዳቤው አነከሰ፣ የውሃ ሒሳቡ አነከሰ፤
ቀበሌው «ሰፊው ሕዝብ» ብሎ በለጠፈ ቁጥር
ሰፊው ሕዝብ ዳርና ዳሩን ቆሞ፣ መሃሉ ባዶ ነበር።
መርማሪው መጣ፣ አጎነበሰ፣ አነጻጸረ፣ ታከተው፤
በዚያ ዓመት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው፣ በሬን ዘግቼው።

ሚያዝያ ላይ መሰለኝ፤ ዝናብ ጥሎ ነበር።
ቀበሌው በር ላይ የስም ዝርዝር ተለጠፈ።
ሰው ይቆማል፣ ያነባል፣ ፊቱን እንደ ጋዜጣ አጥፎ ይሄዳል፤
ማልቀስ ክልክል ነው።
አሥራ አራተኛው ላይ፣ ትርሲት ሐዲስ።

በምን እንደያዟት አላውቅም። በፊደሉ አይደለም።
ምናልባት የተገረፈ ጓደኛ፣ ምናልባት ጎረቤት።
ቀርቤ አየሁ። የአባቷ ሐ መሃል እግር የላትም፤
የተቆረጠበት ጠርዝ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል።
ግራኝ ነኝ።
የእጄን ሥራ አውቀዋለሁ።

መኪናው እስከ ዛሬ አልመጣም።
ብር ከሃምሳዋ እኔ ጋ ናት።