ከረጢቱ ይመስክር

ታምፐሬ ከተማ፣ ከወንዙ ድልድይ ሥር፣
ስምንት ደረጃ ወርዶ፣ ምድር ቤት ነው ሱቄ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ነው፣ የሰዉን ጓዳ ሁሉ
ደጁን ሳልረግጠው በአቧራው ማወቄ።

ቫኪዩም ይዘው ይመጣሉ፤
«ምን አገኘው?» ስላቸው መልሱ አንድ ነው፣ አያልቅም፦
«ዝም ብሎ፣ ሂልካ፤ በድንገት ነው፤ አላውቅም።»
ዝም ብሎ የሚሞት ሞተር አልገጠመኝም፤
ዝም ብሎ የሚዋሽ ደንበኛ ግን አላጣሁም።

ሆድ ይፍጀው አይባል፤ የዚህ ዕቃ ሆድ አይፈጅም፤
የዋጠውን ያቆያል እንጂ አያላምጥም፣ አይፈጭም።
ከፍቼ ሳራግፈው ይመሰክራል ከረጢቱ፦
የጉትቻ ሚስማር፣ የዶሚኖ ጠጠር፣
የገና ጥድ ቅጠል፣ ያውም በየካቲቱ።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ኦይሊ
የሳውናዋን አመድ አስመጠጠችው፣ «በርዷል» ብላ ምላ፤
ከአመድ ሥር ረመጥ አለ፤
ከረጢቱን አጋየ፣ ማጣሪያውን በላ።
ጎረቤቴ ያርኮ፣ ቡድኑ ባሸነፈ ማታ፣
የደፋውን ቢራ ለደረቅ ማሽን አጠጣ፤
ሞተሩ ሰከረ፤
ሲነጋ ጭስ አወጣ።

ተዉ እላለሁ፤ ሶኬት ስትነቅሉ ገመድ አትጎትቱ፣
ዕቃ ነው እንጂ የገበያ በግ አይደለም፤
ቢጫው ምልክት ብቅ ሲል እዚያው ላይ ቁሙ፣
ቀዩን ካያችሁት፣ ከዚያ ወዲያ ገመድ የለም።
ይሰሙኛል። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።
በዓመቱ ያንኑ ገመድ ይዘው ይመለሳሉ።

አንድ ሐሙስ ቶርስቲ መጣ፣
ጡረታ የወጣው የደን ጠባቂ፣
ማሽኑን በልጆች መንሸራተቻ ላይ አስሮ
በበረዶው እየጎተተ።
«ማልቀስ ጀምሯል» አለኝ፤ «ድምፁ ቀጠነ።»
ድምፅ የሚቀጥነው ትንፋሽ ሲያጥር ነው፤
ከፈትሁት።
ከረጢቱ እንደ ትራስ ተወጥሯል፤
ብሩሹን ግራጫና ነጭ ጸጉር
እንደ እንዝርት ክር ጠምጥሞታል።

«መቼ ነው የቀየርኸው?»
ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አጠለቀ።
«ሬሙ ሳይሞት» አለ።

ውሻ ነበር ሬሙ።
ይህ ማሽን ገና ከቁም ሣጥኑ ሲወጣ
ከሶፋው ሥር ገብቶ ይጮህ ነበር አሉ፤
ቱቦውን እንደ እባብ ሊነክስ እየዘለለ
አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጣሉ።
ዛሬ ጸጉሩ ሁሉ ያለው
ከባላንጣው ሆድ ነው።

ከረጢት ሳይጠቀጠቅ፣ ከሦስት እጁ ሁለቱ ሲሞላ ይለወጣል፤
ሞተር የሚቀዘቅዘው በሚስበው አየር ነው፤ ሲታፈን ይግላል፣ ይነድዳል፤
ይህን ሁሉ አስረዳሁት።
«ልክ ነሽ» አለ፤
እጁ ግን ከከረጢቱ ላይ አልተነሣም።

ጸጉሩን በትንሽ መቀስ፣ በብሩሹ ርዝመት፣ ቀስ ብዬ ፈታሁ፤
ማጣሪያውን አጥቤ «ነገ ና» አልሁት፤
እርጥብ ማጣሪያ አይገጠምም፣ ሌሊቱን ይደር።
ለመጣል የተዘጋጀ በርሜል ከእግሬ ሥር ነበር።
አልጣልሁትም።
የከረጢቱን አፍ በፕላስተር አሸግሁ፤
የቦት ጫማዬ ካርቶን ውስጥ በልክ ገባ።

ዓርብ ዕለት ካርቶኑን በብብቱ ያዘ፤
አልከፈተውም።
ሂሳቡ፦ አንድ አዲስ ከረጢት፣ አራት ዩሮ።
«እስቲ አስነሺው» አለኝ።
አስነሣሁት፤
ድምፁ ወፈረ፣ ሞላ፣ መስኮቱን አንቀጠቀጠ፤
ሁለታችንም፣ ሳንነጋገር፣
ወደ ጠረጴዛው ሥር አየን።