ቻርጅ ይደረጋል

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
እኔ በብዕሬ፣ ይርሳው በሽቦው፣ አንድ ሸራ ሥር፣
ስምንት ክረምት ጎን ለጎን አሳለፍን፤
እኔ የሰው ፎርም፣ እሱ የሰው ባትሪ እየሞላን።

ቆርቆሮው ላይ በቀይ ቀለም ጽፏል፦
«ስልክ በአሥር ብር ቻርጅ ይደረጋል።»
መብራት የጠፋ ቀን ሰልፉ ይረዝማል፤
ጄኔሬተሩ ከእግሬ ሥር ያስላል፤
ከአዘዞ የመጣ፣ ከማራኪ የወረደ፣
ስልኩን አስረክቦ ቁጥር ይዞ ሄደ፤
ቁጥሩም ካርቶን ነው፣ ከብስኩት ዕቃ የተቀደደ።

እናቱ ይርሳው ሲሉት ምን አስበው ይሆን እላለሁ፤
የስንቱን ስልክ በጠባሳው ሲለይ አይቻለሁ፦
መስተዋቱ የተሰነጠቀው የመምህሩ ነው፣
ጎማ የታሰረበት የባለ ጋሪው፣
እየጮኸ የማይነሳው አበዳሪ የሸሸው ሰው።
ቤንዚን ሊቀዳ ሲሮጥ ብቻ ነው ወንበሩን የሚለቀው።

አንድ ማክሰኞ የዝና መጣች፣
ቁጥር ስድስቷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።
ከላይ ፈለገ፤ የለም። ከመሳቢያው፤ የለም።
ከሽቦው ጥቅልል፣ ከኮቱ ኪስ፤ የትም የለም።
ሦስት ቀን ለመነች፤ ሦስት ቀን ማለላት፤
በአራተኛው ቀን እኔ ጻፍኩላት።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ገጹ ሠላሳ ብር።
ክርናችን እየተነካካ፣ እሱ ሽቦ ሲቋጥር፣
«ተከሳሽ፦ አቶ ይርሳው ፈረደ» ብዬ ስደረድር።

ሳምንት ሳይሞላ መጥሪያ አዳዩ መጣና
«የክስ ቻርጅ ነው፤ ፈርምልኝ» አለው በትሕትና።
ይርሳው ሳቀ፦ «ቻርጅስ የእኔ ሥራ ነበር፤
መንግሥትም ጀመረ? እሱ ጋ ስንት ነው በብር?»
መጥሪያ አዳዩ አልሳቀም።
እኔም ቀና አላልኩም።

ያን ማታ በሻማ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩት፣
ከሟች አስተማሪ ዕቃ ቅዳሜ ገበያ የገዛሁት፣
ጥጉን አይጥ በልታው በጆንያ ክር የሰፋሁት።

ለካ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ስንቱን ያሳፍራል!
እንደ አዘዞ ታክሲ ትርፍ ይጭናል።
ባትሪ ሙላ ይላል፤ ወረድ ብሎ፣ ዋጋ ጠይቅ፤
ክሰስ፤ ጠመንጃ አጉርስ፤ ጋልበህ ጠላት ላይ ውደቅ፤
ሁሉም ያው ጭነት ነው ብዬ ልዘጋው ስል፣
ከሁሉ ታች፣ በደቃቅ ፊደል፣
«አደራ» ይላል።

አደራ። ሌላ ማብራሪያ የለውም።
ይህን ቃል ክሱ ላይ አልጻፍኩትም።
እኛ እኮ ለየብቻ ጓዳ ሠርተንላቸዋል፤
ክስ ከአደራ ጋር የት አብሮ አድሮ ያውቃል?
እነዚያ ግን ከሳሹንም ባለአደራውንም
በአንድ አልጋ አስተኝተው፣ አያፍሩም።

በቀጠሮው ዋዜማ አንድ ገበሬ መጣ፣
ከቋራ፣ ኔትወርክ ከሌለበት እርሻ፤ ስልክ ከኪሱ አወጣ።
«የእኔ አይደለም ይኼ። መልኩ እንጂ ሆዱ የሌላ ነው።»
ካርቶኑንም አሳየን፤ በላብ የራሰ ዘጠኝ ነው።
ሲገለብጡት፣ ስድስት።
ከመሳቢያው ጥግ ደግሞ ያንድ ወር ሙሉ ባለቤት ያጣች፣
ዘጠኝ ቁጥር የተለጠፈባት፣ መንታዋ ተኝታለች።
ይርሳው «ማን ሰጠህ?» አለው። ገበሬው አላመነታ፤
ጣቱን ቀስሮ፣ ወደ እኔ፣ ወደ ብዕሬ ቦታ።

ትዝ አለኝ። ቤንዚን ሊቀዳ የሮጠ ቀን ነው።
«አደራ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ከአንድ የመሬት ጉዳይ ጋር ነኝ፤
ቀና ሳልል ካርቶን ተቀብዬ፣ ስልክ ሰጥቼ ሸኘሁኝ።

ክስ ማንሻውን ጻፍኩ፤ ለየዝና፣ ያለ ክፍያ።
ይርሳው ቀዩን ቀለም ገፋ አደረገልኝ ወዲያ፤
ከስድስት ሥር መስመር አሰመርኩ፣ ከዘጠኝም ሥር፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ሳሰምር።

ዛሬም መብራት የለም። ጄኔሬተሩ አስሎ ዝም አለ።
ይርሳው ጀሪካኑን አነሳ፤ ቆመ፤ አንድ ነገር ሊል መሰለ።
ሄደ። ምንም አላለኝም።
ጠረጴዛውን ግን አልሸፈነውም።