ዐሥራ አንድ ጫማ

ሐሙስ ማታ፥ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፥
በረዶው ቀልጦ ቬርሞንት ጭቃ በሆነች ሰሞን
ሰው ሁሉ ጫማውን እደጁ ጠርጎ ይገባል።

አምስት ናቸው ገምጋሚዎቹ፤ ደመወዝ የላቸውም።
አንዱ የጥርስ ሐኪም፥ አንዷ ንብ አርቢ፤
ሊቀ መንበሩ ሳይረስ ፔልተን ትራክተር ጠጋኝ ነው።
እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። የተባለውን እጽፋለሁ፤
የታሰበውን እሰማለሁ።

"ጉዳይ ቁጥር ዐሥራ አራት።"
አመልካች፦ ኢንግሪድ ቮስለር። ቦታው፦ የድሮው የቆዳ ፋብሪካ ሜዳ።
የሚሠራው፦ አርባ ሁለት መኖሪያ።
ደንቡ፥ ቤት ከመንገድ ሠላሳ ጫማ ይራቅ ይላል፤
እሷ፥ ዐሥራ ዘጠኝ ይበቃል ትላለች።
ደንቡ ሦስት ፎቅ፤ እሷ አራት።
ደንቡ ለየቤቱ ሁለት መኪና ማቆሚያ፤
እሷ አንድ ከሩብ።

"የመኪና ሩብ እንዴት ያለ ነው?" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፥
"ጎማው ነው ወይስ መብራቱ?"
"ሳቅ" ብዬ ጻፍሁ። መልሼ ሰረዝሁት።

ቅዳሜ ዕለት ሜዳው ላይ ቀይ ፊኛ ሰቅለው ነበር፥
በሲባጎ አስረው፥
የአራት ፎቅን ቁመት ሰው በዐይኑ እንዲለካ።
ነፋሱ ወዲያ ሲያጋድለው ሕንጻው አጠረ፤
ወዲህ ሲመልሰው ረዘመ።
ዛሬ ሁሉም የየራሱን ነፋስ ይዞ መጣ።

ጡረተኛዋ መምህርት ዊኒፍሬድ ኬስ
ተቃውሞዋን በግጥም አሰናድታለች፦

"ሜዳው ለዐይን ነበር፥ ለሐሳብ ማረፊያ፤
ዛሬ ሊሆን ነው ወይ የጎማ ማቆሚያ?
ዛሬ አንድ ክንድ ቢሰጥ፥ ነገ ጋሻ መሬት፤
ደንብ አንዴ ከላላ ማን ሊያጠብቀው ነው፥ በየትኛው ጉልበት?"

የመጨረሻው ስንኝ ከሌሎቹ ረዘመ፤
እሱም ልዩ ፈቃድ ያሻዋል፥ አልሁ በልቤ።

ሜሪል ጎዴት ተነሣ። ሰባ ስምንት ዓመቱ።
ካርቶን ላይ የለጠፈው ፎቶ፦ የወጥ ቤቱ መስኮት።
"ጠዋት ፀሐይ በዚህ ገብታ
ሽንኩርት ስከትፍ እጄ ላይ ታርፋለች።
ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ናት።"
"ሦስት ደቂቃህ አለቀ" አለ ሳይረስ፥ ቀስ ብሎ፥ አፍሮ።

ቀጥላ ኦዲል ቲቦ፥ የተማሪ አውቶቡስ ነጂዋ፥
ካፖርቷን ሳታወልቅ፦
"ልጆቻችሁን ከየደጃፉ ለማንሣት
ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እነቃለሁ፥ አርባ ማይል ርቄ።
በዚህ ከተማ የማላውቀው ደጃፍ የለም።
የኔ የምለው ነው ያጣሁት።"
ተቀመጠች። ሁለት ደቂቃ ተረፋት፤
ማንም አልወሰደውም።

በዕረፍቱ የሜዳውን ካርታ ፍለጋ
ወደ ብረት ሣጥኑ ሄድሁ።
ከካርታው ሥር ቀጭን ማኅደር፦ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት።
"አመልካች ኤመሪ ጎዴት። ሚስቱ ታማ ደረጃ መውረድ ስላቃታት
በመንገዱ ወገን ወጥ ቤት ሊቀጥል ይለምናል።
ከደንቡ የሚጎድለው፦ ዐሥራ አንድ ጫማ።
ጎረቤት ተጠየቀ። ተፈቀደ።"

ያቺ መስኮት!

ጸሐፊ አፍ የለውም፤ ያልተጻፈ ደንብ ነው።
ለሳይረስ ብሰጠው በሰው ፊት ይነበባል፤
ሽማግሌው በገዛ ወጥ ቤቱ ይረታል።
ለራሱ ለሜሪል ወሰድሁለት፥ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ።
መነጽሩን አወጣ። አነበበ። ደግሞ አነበበ።
"እናቴ" አለ። "ስድስት ወር ነው የተቀመጠችባት።"

ስንመለስ እጁን አነሣ።
"ሐሳቤን አልቀየርሁም፤ ጥላ ጥላ ነው።
ግን ይጻፍልኝ፦
እኛም ለምነን ነበር።"

ሳይረስ አልገባውም። ንብ አርቢዋ ቀና አለች።
ውሳኔው ለሚያዝያ ተቀጠረ፤
የጎርፍ መውረጃው ገና አልተጠናም፥
የእሳት አደጋ መኪናው መዞሪያ አልተለካም።
ወንበር አጣጥፈን ወጣን፥ ወደ ጭቃው።

እቤቴ ቃለ ጉባኤውን ስገለብጥ
እዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ እጄ ቆመ።
ከተቃውሞ ልመድባት? ከድጋፍ?
በሁለቱ መካከል ጻፍኋት፥
ከላይም ከታችም
ደንቡ ከሚያዘው ያነሰ ክፍት ቦታ ትቼ።