ሰባት ቁጥር

ጠባሴ ነው፤ ከአይሱዙ ጋራዥ ጓሮ፣
ዘይት ባጠቆረው መሬት፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፣
በር የሚያክል ስፒከር ግራና ቀኝ ቆሞ፣
አንድ ሰማያዊ አምፖል፣ እንደ ሰው ዐይን ታሞ፣
ብልጭ ድርግም ይላል።
መግቢያ ሃምሳ ብር ነው፤ አረቄ ለብቻው ይከፈላል።

ውጭ የኅዳር ውርጭ ቆርቆሮውን ያነጣል፣
ውስጥ ከሰው ትከሻ እንፋሎት ይወጣል።
ስንሻው ላፕቶፑን ጋቢ አልብሶ፣
እሱ በካናቴራ፣ ላቡ አንገቱ ደርሶ።
ቀን የሰው ስልክ ከፍቶ ስክሪን ይገጥማል፣
ማታ ምት ይሰብራል።

«ጌቶቴክ ነው ስሙ፤ ባሕር ማዶ፣ መኪና ፋብሪካ ሰፈር የበቀለ»
አለኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ።
«እሺ» አልኩት። ፍጥነቱ ቀልብ ያስታል፤
ሰዉ የሚጨፍር ሳይሆን የሚባረር ይመስላል።

ድንገት ከሥሩ፣ ከወፍራሙ ድምፅ በታች፣
አንዲት ቀጭን ነገር መጣች፦

ጠክ ጠክ ጠክ፤ ዝም።
ጠክ ጠክ ጠክ፤ ዝም።

ሰባት ቁጥር!
የኔዋ! የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ፣
አራተኛው ላይ አንካሳዋ፣
ክር በልታ ደሞዜን ያስቆረጠችው!
መካኒኩ ጋሽ ተጫነ «ደህና ናት፣ ጆሮሽን ታከሚ» ቢለኝ
ማስረጃ ብዬ በስልኬ የቀዳኋት፣
ስልኬ ሲሰበር ከነድምጿ ለስንሻው የሰጠኋት።

«ሌባ!» ልለው ሰው ገፍቼ ሄድኩ።
ግን ዝም በምትልባት ቅጽበት እጄ ቀደመኝ፤
እንደ ልማዱ፣ የተበጠሰውን ፍለጋ፣
ያዝኩ፣ ሳብኩ፣ ቋጠርኩ።
አጠገቤ ያለችው ልጅ አየችኝና ሳበች፣ ቋጠረች፤
ከሷ ጀርባ ሹፌሮቹ፣ ረዳቶቹ፤
ጋራዥ ሙሉ ሰው የሌለ ክር
ሲቋጥር፣ ሲቋጥር፣
ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ቀጥ እስኪል ድረስ።
በጨለማም ጥቂት ቋጠርን።

ሰኞ ፈረቃ ስገባ፣ ጋሽ ተጫነ እጁን በቡትቶ እየጠረገ
«አበጀኋት» አለኝ።
ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ።
አመሰገንኩት። እስኪነጋ አንድ ክር አልበጠሰች።
እጄ ግን በየአራተኛው ብድግ እያለ፣
ሥራ እንዳጣ ሰው ተመልሶ ይቀመጣል።

ለቅዳሜ ሃምሳ ብር ከአስካለ ተበደርኩ።