ጠብ ያለ ነገር

አንዲት ጠብታ አለችኝ፣ በቁጥር የሠራኋት፣
ሁለት ሚሊ ሜትር፣ እኔው ያድቦለቦልኋት።
አራት ሚሊዮን ዓይን፣ መረብ ዘርግቼላት፣
ስበትና ውጥረት፣ ፍጥነትም ሰጥቻት፣
ከማታው ሁለት ሰዓት ወደ ታች ለቀቅኋት።

የውድቀቷ ዕድሜ የዓይን ጥቅሻ ያህላል፤
ኮምፒውተሬ ግን ሌሊቱን ያቃስታል።
ደብረ ብርሃን ከደጅ በሐምሌ ስትርድ፣
ስንት ሺህ፣ ስንት ሺህ ጠብታ ሲወርድ፣
ማንም ሳያሰላው ሲያርፍ ከጣሪያ፣
የኔዋ ብቻዋን አጣች ማረፊያ።

ጋሽ ወሰንየለህ መጡ፣ የግቢው ጥበቃ፣
ዱላቸውን አቁመው፦ «አስካለ፣ አትተኚም በቃ?
ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»
«ጠብታ ነው፣ ጋሼ።
ስትወድቅ ላያት ነው።»
«ስትወድቅ?»

ቀና አሉ።
ኮርኒሱ በስብሶ ካርታ የሣለበት
ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል፤ ባልዲው ሞልቶበት።
«ይቺስ አልበቃችሽም? ስንት ሌሊት አለፈ፣
ጠብ ያለልሽ አለ?»
አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁ።

ያኔ ነው ያየሁት፣ ከትከሻቸው ላይ፦
ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራው በርኖስ፣
ውሃው አልገባበት፣ አልደፈረም ሊያርስ፣
ዶቃ ዶቃ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ላይ ቆሟል፣
ሲነቀነቁ ግን ተንከባሎ ይሄዳል።
ማዕዘኑን በዓይኔ ለካሁ፤
መቶ ሠላሳ ዲግሪ፣ ቢያንስ።
የኔ ወለል ልሙጥ ነው፣ እንደ መስታወት።
«ማን አሰላው ይኼን?» አልኩ፣ ሳላስበው።
«እኅቴ ፈተለችው፣ ማሞ ሸመነልኝ፣
ሃያ ሁለት ክረምት ዝናብ አላስነካኝ።»

ልሙጡን ሰረዝሁት።
ክር በክር ተከልሁ፣ የበርኖሱን አይቼ፣
እንደገና ለቀቅኋት፣ ከዜሮ አንስቼ።
ወረደች፣
ወረደች፣
ጮኸ የጠባሴ ዶሮ።
ከሥሯ ያለው አየር ሆዷን ሲያጎደጉዳት፣
ልትነካ የአንድ ክር ውፍረት ሲቀራት፣

መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ባልዲው ጠብ አለ።
ደግሞ ጠብ።
ከበሩ ወዲያ ሆነው «ደረሰች?» አሉኝ።
«ደርሳለች» አልኩ።
ውሸቴን ነው። ሽማግሌው ብርድ ላይ ቆመው
እሷን ሲጠብቁ ማደራቸው ከብዶኝ ነው።

መብራት እስኪመጣ አየር ላይ ናት።
ባልዲውን ደፍቼ፣ መልሼ አቆምሁላት።