የገመዱ ጫፍ

በኖርዌይ ሰሜን ዳር፣ ባሕሩ ተራራ ሰንጥቆ በገባበት፣
ቀኑ ከምሽቱ እምብዛም በማይለይበት፣
አሥራ ስድስት ዓመቴ፤ ሥራዬ መዝገብ መያዝ፣
ጣቴ ሲደነዝዝ፣ ቀለሜም ሲቀዘቅዝ፣
ሃልቮር የሚጠራውን ጥልቀት መጻፍ ነበር፤
እሱ ገመድ ወደ ታች፣ እኔ ቀለም ወደ ዳር።

ከገመዱ ጫፍ እርሳስ አለ፣ ጡጫ የሚያህል፤
ከእርሳሱ ሥር ጎድጓዳ፣ በጎድጓዳው ሞራ ይሞላል፤
ወርዶ መሬት ሲነካ፣ ሞራው ይዞ የሚመጣ
ቁንጣሪ አሸዋ ነው፣ ወይ ጭቃ፣ ከዚያ ጨለማ የወጣ።
ሃልቮር አሽትቶ፣ አንዳንዴም ቀምሶ፣
«ጭቃ ነው፣ መልሕቅ ይይዛል» ይላል፣ ጢሙን በእጁ ጀርባ አብሶ።
በሌላ አገር ቢወለድ ሞራ ገላጭ ይባል ነበር፤
የሰው ዕጣ አያነብም እንጂ፣ ያውቃል የባሕር ሆድ ምሥጢር።

አንድ ማለዳ ግን፣ ስኮልቫግ ከሚሉት ጠባብ አፍ፣
ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ እስከ ጫፍ።
እርሳሱ አልነካም። ሞራው ነጭ እንደሆነ ተመለሰ፤
የመቶ አለቃው ድምፅ ከኋላ ደረሰ፦
«ጻፍ! ወለል የለውም!»
ሃልቮር ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔ እንዲያ አላልኩም።
ያልኩት፣ ገመዴ አልቋል ነው፤
ወለል ይኑረው አይኑረው፣ ባሕሩን ጠይቀው።»
ከዚያ ምልክቱን አሳየኝ፦ ሁለት መቶ፣ ከላዩ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ላይ ነጥብ፤
«ይህን የሚያይ ሰው፣ እስከዚህ ደርሰው ነበር፣ ከዚህ ወዲያ አያውቁም፣ ብሎ ያንብብ።»
በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ የማላፍርባት ቃል
ያቺ ነጥብ ናት፤ ዝንብ የጣለቻትን ታህል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ሃልቮር ልጅ ነበረችው፣ ራንቬይ፤ ባሏ ሲቨርት ዓሣ አጥማጅ፤
ካርታችን ሲታተም ገዛ፣ ከመሪው አጠገብ ሰካው፣ እንደ ወዳጅ።
በሦስተኛው ክረምት፣ በረዶ ዓይን እንደጋረደ፣
በሠላሳ ክንድና በሠላሳ አራት መሃል ጀልባው ተቀደደ።
ከሥር ድንጋይ ነበረ፣ እንደ ወስፌ የሾለ፣
ከውሃው ፊት አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የተከለለ።
ሠላሳ ብለን ጽፈናል፤ ሠላሳ ነበረ።
ሠላሳ አራት ብለናል፤ እርሳሱ መሬት ነክቶ መሰከረ።
ሁለቱም እውነት።
ድንጋዩ ግን በሁለቱ እውነት መሃል ቆሟል፣ ከጥንት።

ራንቬይ ካርታውን ይዛ መጣች፣ ዳሩን ጨው የበላው፤
«የትኛው ነው ውሸቱ፣ አባባ?» አለችው።
ብዙ አየው። መነጽሩን አወለቀ፤ እንደገና አደረገ።
ከቁጥር ቁጥር ጣቱን አንሸራተተ፣ አንዳች ነገር እንደፈለገ።
«ቁጥሩ አልዋሸም። ነጩ ነው ልጄ፣ ይኼ ንጹሕ ወረቀት፤
ባዶ መስሎ ታየሽ፣ ገመድ ስላልጣልንበት።»

ከዚያ ወዲህ በታንኳ፣ ብቻውን፣ በድንጋዩ ዙሪያ
በየክንዱ ይጥል ጀመር፤ በጋ አልሆነውም ማረፊያ።
ከክንድ እስከ ክንድ ስንዝር አለ፣ ከስንዝር እስከ ስንዝር ጣት፤
ይህን ያውቅ ነበር። ይጥል ነበር። አልጨረሰም እስኪሞት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤
እኔ በምኖርበት ሰማይ ግን ንጋት ሁለት ወር የሚቀርባቸው ክረምቶች አሉ።

አርጅቻለሁ። ካርታው ለአምስተኛ ጊዜ ታትሟል፤
አታሚው ንጹሕ ሰው ነው፤ ነጥቧ እድፍ መስላው አጥፍቷታል፤
ሰረዙንም አብሮ።
አሁን ስኮልቫግ ሁለት መቶ ክንድ ነው፤ ልጆች ያጠኑታል፣ በዜማ፣ ተደርድሮ።
እጄ የገባውን ቅጂ ሁሉ በመብራት ሥር ዘርግቼ፣
ሰረዙን እሰምራለሁ፣ ነጥቧን እመልሳለሁ፣ ትንፋሼን ገትቼ።
እጄ ይንቀጠቀጣል፤
ነጥቧ አንዳንዴ ቦታዋን ስታ፣ የብስ ላይ ታርፋለች።